ጌቾ፣ አንተ በረኛ ነበርክና ፍረድ

ጌቾዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። ስድቡን ስደውልልህ ትጨርሰዋለህ። አሁን ግን አንድ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው፤ ካንተ በቀር የሚገባው ሰው የለም።

ልጄ ኮሌጅ ገብቶ ኳስ ይጫወታል። የእኛን አይደለም፣ የአሜሪካኖቹን፤ በእጅ ይዘው የሚሮጡትን። አትሳቅ! ይጫወታል ስልህም... የተጠባባቂ ተጠባባቂ ነው። የሚያስገቡት ጨዋታው ካለቀለት በኋላ ነው።

ቅዳሜ ዕለት እነሱ በሰፊው ሲመሩ መጨረሻ ላይ አስገቡት። ኳሷን ተቀበለ፣ ሮጠ፣ ታችዳውን! የእነሱ ጎል በለው። እኔ ጮህኩ፣ እናቱ እልልታዋን አቀለጠችው። የተሸናፊዎቹ አሰልጣኝ ግን የእኛን አሰልጣኝ ሳይጨብጥ ሄደ። ለካ እዚህ ካሸነፉ በኋላ ነጥብ መቆለል ነውር ነው። ጨዋ የሚባለው ቡድን ኳሷን ይዞ ይንበረከክና ሰዓቱን ያስጨርሳል።

ነውር ይበሉት እንጂ ያላደረገው የለም። እዚሁ አትላንታ እ.ኤ.አ. በ1916 ጆርጂያ ቴክ የሚባለው ኮሌጅ ካምበርላንድ የሚባለውን ኮሌጅ 222 ለ 0 ረታ። ቁጥሩን አልተሳሳትኩም። ካምበርላንድ ቡድኑን አፍርሶ ነበር፤ ከቀራችሁ 3,000 ዶላር ትከፍላላችሁ ሲባል ያገኘውን ልጅ ሰብስቦ መጣ። እረፍት ላይ 126 ለ 0 ነበር። የቴኩ አሰልጣኝ ጆን ሃይስማን አልበቃውም። በዚያው ዓመት ካምበርላንድ በቤዝቦል 22 ለ 0 አሸንፎት ስለነበር ቂሙን ነው የተወጣው ይባላል። ታዲያ ዛሬ የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሸለመው በማን ስም መሰለህ? በሃይስማን! ስታዲየሙ በር ላይ ሰው ባወረድኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ደረጃም አለ፤ የኮሌጅ ቡድኖቹን ማን ከማን ይበልጣል ብለው በተራ ያስቀምጧቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ደረጃ የሚያወጡት ኮምፒውተሮች የነጥብ ልዩነት እንዳይቆጥሩ ተደርጎ ነበር። ለደረጃው ድምፅ የሚሰጠው ሰው ግን ዓይን አለው፤ በ3 ያሸነፈና በ50 ያሸነፈ እኩል አይታየውም።

የእኔ ልጅ ግን ቂምም ደረጃም የለው። ሌሊት እየተነሳ ሲሰለጥን ከርሞ፣ ያቺን ጥቂት ደቂቃ ሲያገኝ ተንበርከክ ይባል? ዋናዎቹን ማስወጣቱ አይበቃም?

እንዲህ ብዬ ስከራከር ቆይቼ ቪዲዮውን ደግሜ አየሁት። ልጄን ሊይዝ ሲል የወደቀ አንድ ልጅ አለ። ሳሩ ላይ እንደተኛ ቀረ፣ ማንም አላነሳውም። ጌቾ፣ ያ የቄራዎቹ ጨዋታ ትዝ አለኝ። ስለዚያ ጨዋታ አውርተን አናውቅም፣ አውቃለሁ። አሁንም ወሬውን ባላነሳው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ንገረኝ፤ ከስምንተኛው ጎል በኋላ የቱ ይሻልህ ነበር? ማግባታቸውን ቢቀጥሉ ወይስ አዝነውልህ መሀል ሜዳ ላይ ኳስ ቢቀባበሉ? እኔ እንደ ማዘናቸው የሚያበሽቅ ነገር ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን አጥቂ ነበርኩ፤ መረብ ውስጥ ገብቼ ኳስ ለቅሜ አላውቅም።

ልጄ ያንን ልጅ ኢንስታግራም ላይ አግኝቶታል። «ይቅርታ ልበለው ወይስ ይባስ አዋርደዋለሁ?» ሲለኝ አስቤበት እነግርሃለሁ አልኩት። እሁድ ይደውላል። ከዚያ በፊት ሁለት መስመር ጣል አድርግልኝ፣ ስድብም ቢቀላቀልበት ግድ የለም።

እማማን ሳምልኝ። ያቺን ብርም አልረሳኋትም።

ያው እኔ ነኝ