ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ድንጋዩን ገልብጡት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ወንዝ ማልማት ያወጣችሁትን ፅሁፍ አነበብኩት፣ ደስ ይላል፣ ግን ወሬው ሁሉ ስለሚተከለው ችግኝና ስለሚገባው ኤክስካቫተር ነው፣ ወንዙ አሁን እንዴት ነው ያለው ብሎ የጠየቀ የለም።

የማውቀው አንድ ጅረት አለ፣ ስሙ ይቅር። ሊያፀዱት መጡና ውሃው ውስጥ የወደቀውን ግንድ ሁሉ ጎትተው አወጡ፣ ጥልቁን ቦታ ሞሉት፣ ዳርና ዳሩን ድንጋይ ደረደሩበት፣ ሲያልቅ ቦይ መሰለ። ፎቶ ላይ ያምራል። አሳው ግን የሚደበቀው ግንዱ ስር ነበር፣ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ጥልቁ ውስጥ ነበር የሚውለው፣ ይሄን እኮ ግማሽ ቀን ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ያውቀዋል።

ምርመራ ሲባል ላብራቶሪ ብቻ አይምሰላችሁ። ውሃው ድንጋይ ላይ እየተንኳለለ ፈጠን ብሎ የሚያልፍበት ቦታ ግቡና ቡጢ የሚያክል ድንጋይ አንስታችሁ ስሩን እዩት። ሶስት ጭራ ያላት፣ ጎንና ጎኗ ላይ ላባ የመሰለ መተንፈሻ የምታርገበግብ ትንሽዬ እጭ ካለች፣ ወይ ደግሞ አሸዋ አጣብቆ ቤት የሰራ ትል ካለ ጥሩ ምልክት ነው፣ ብዙዎቹ ቆሻሻ አይችሉም። ያገኛችሁት ቀይ ቀጭን ትል ብቻ ከሆነ ግን ጠርጥሩ፣ እሱ የቀላው እንደኛ ደም ኦክሲጅን የሚይዝ ሄሞግሎቢን ስላለው ነው፣ ለዛ ነው ኦክሲጅን ባነሰበት ጭቃ ውስጥ ሌላው ሲሞት እሱ የሚከርመው። በጠርሙስ የተቀዳ ውሃ የዛችን ሰዓት ብቻ ነው የሚነግራችሁ፣ እነዚህ ግን እዛው የከረሙ ስለሆኑ ባለፈው ወር ማታ የተለቀቀ ነገር ካለ እነሱ ላይ ይታያል።

ኦክሲጅን የሚለካበት ሰዓት ደግሞ ያናድደኛል። እኩለ ቀን ላይ መጥተው ለክተው 9 ሚሊግራም በሊትር ነው፣ ችግር የለም ብለው ይሄዳሉ። ቀን እማ የውሃው እፅዋትና አልጌ ኦክሲጅን እየሰሩ ነዋ! ሌሊት መስራቱን አቁመው እነሱም ይተነፍሳሉ፣ ስለዚህ ዝቅተኛው የሚገኘው ጎህ ሲቀድ ነው፣ ከ5 በታች ከወረደ ብዙ አሳ ይጨነቃል። ሙቀትም አለ፣ በ10 ዲግሪ በሊትር 11 ሚሊግራም ገደማ ኦክሲጅን መያዝ የሚችል ውሃ በ30 ዲግሪ ከ7.5 አያልፍም፣ ዳር ላይ ያለውን ዛፍ ለማሽን መንገድ ብሎ የሚቆርጥ ሰው ይሄን ያስብ።

ጠጠሩንም ቁጠሩት። ዎልማን የሚባል ተመራማሪ በ1954 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀላል ዘዴ አለ፣ ወንዙን እያቋረጡ ሳያዩ ጫማ ጫፍ ላይ የነካውን ድንጋይ አንስቶ መለካት ነው፣ እስከ 100 ድረስ። የሚነሳው ሁሉ ደለል ከሆነ ጠጠር መሀል እንቁላል የሚጥል አሳ እዛ አይፈለፈልም፣ ደለሉ ክፍተቱን ስለሚደፍነው እንቁላሉ ይታፈናል። ያኔ ስራው ወንዙ ውስጥ አይደለም፣ አፈሩ ከየት እየታጠበ እንደሚመጣ ወደ ላይ ወጥቶ መፈለግ ነው።

በዛውም መንገድ ስር ያለውን ቱቦ እዩልኝ፣ አፉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ውሃውን እንደ ፏፏቴ የሚጥል ከሆነ ከሱ በላይ የፈለገ ቢለማ አብዛኛው አሳ ዘሎ አይገባም።

እና ቀጣዩን ዘገባ ስትሰሩ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፣ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ጎህ ሲቀድ የተለካው ኦክሲጅን ስንት ነበር?

አንባቢያችሁ