የፊዚክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ግራፉ ላይ የተኛችው መስመር

ክበባችን ዘንድሮ የከረመው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ከባድ የአቶም ኒውክለስ ያለማቋረጥ ቢሞቅ ምን ይሆናል? ሐዋሳ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቅንጣት ማፍጠኛ (ጥቃቅን ቅንጣቶችን እጅግ አፍጥኖ የሚተኩስ መሣሪያ) የለም፤ ውሃና ቴርሞሜትር ግን አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ለውሃ ተሰጠ።

ግማሽ ሊትር ውሃ በ300 ዋት ማሞቂያ እየሞቀ መጠነ ሙቀቱ በየ30 ሰከንዱ ይመዘገባል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። 100 ካልደረሰ ብሎ ቴርሞሜትሩን መጠርጠር አያስፈልግም። የሚባክነው ሙቀት ሳይቆጠር፣ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እስኪፈላ 9 ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ ያው ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቴርሞሜትሩ ንቅንቅ አይልም፣ የግራፉም መስመር ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፤ የሚገባው ኃይል ሞለኪውሎቹን በማለያየት ያልቃልና። ሲሶው ሲተን ማቆም ግድ ነው፤ ማሞቂያው ከውሃ በላይ ከተጋለጠ ይቃጠላል።

ቴርሞሜትሩ የዕቃውን ታች ከነካ ንባቡ ከፍ ይላል። የባሰው ግን የመብራት ኃይል መዋዠቅ ነው፦ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 200 ሲወርድ የ300 ዋቱ ማሞቂያ 248 ዋት ብቻ ይሰጣል፤ ኃይሉ የሚከተለው የቮልቴጁን ካሬ ነው። መስመሩ ውሃው ከመፍላቱ በፊት ከጎበጠ መጀመሪያ የሚታየው ቮልቲሜትሩ ነው።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ወደ ወርቅ ተሻገርን። የወርቅ ኒውክለስ 79 ፕሮቶንና 118 ኒውትሮን አለው፤ እያንዳንዳቸው በአማካይ በ8 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የኒውክለስ ኃይል የሚለካበት አሃድ) ገደማ ኃይል ተሳስረዋል። እዚህ ሙቀት የሚለካውም በዚሁ አሃድ ሲሆን፣ አንዱ 11.6 ቢሊዮን ኬልቪን ይሆናል። አሜሪካ ባለው የብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ 8 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (ጊጋ የሜጋ ሺህ እጥፍ ነው) ገደማ ኃይል ያላቸው ፓይዮኖች (ከፕሮቶን የቀለሉ፣ ዕድሜያቸው አጭር የሆነ ቅንጣቶች) እና አንቲፕሮቶኖች (የፕሮቶን ፀረ ቁስ አቻዎች) በስስ የወርቅ ቅጠል ላይ ተተኩሰዋል። ቅጠሉ ከወፈረ ዘገምተኞቹ ስብርባሪዎች እዚያው ውስጥ ቆመው ይቀራሉ። ሁለት ከባድ ኒውክለሶችን ማጋጨትም ያሞቃል፤ ነገር ግን አብሮ ይጨምቃል፣ ያሽከረክራልም። አንቲፕሮቶን ግን ከአንድ ኒውክሊዮን (ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን) ጋር ተጠፋፍቶ በአማካይ አምስት ያህል ፓይዮን ይወልዳል፤ ከእነሱ የተዋጡት ኒውክለሱን ከውስጥ ያግሉታል። እዚህ ቴርሞሜትር የሚሆነው የሚወጡት ቀላል አይሶቶፖች (የፕሮቶናቸው ቁጥር አንድ ሆኖ የኒውትሮናቸው የሚለያይ ኒውክለሶች) ንጽጽር ነው። አስቀድመው የሚያመልጡት ፈጣን ቅንጣቶች ይዘውት የሄዱት ኃይል ካልተቀነሰ ሒሳቡ ሁሉ ይበላሻል።

አባላቱ በቀላሉ ቀመር አሰሉ፦ ለአንድ ኒውክሊዮን የሚደርሰው ኃይል የመጠነ ሙቀቱ ካሬ ሲካፈል ለ10 ነው። በዚህ ሒሳብ 10 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት የደረሰው ኒውክሊዮን መጠነ ሙቀቱም 10 መሆን ነበረበት። በ1995 እ.ኤ.አ. ከጀርመን ዳርምሽታት የወጣው ልኬት ግን ለአንድ ኒውክሊዮን ከ3 እስከ 10 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ባለው ኃይል የመጠነ ሙቀቱ መስመር 5 አካባቢ ተኝቶ አሳይቷል። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ግራፍ እንደገና የመጣ ይመስላል! ኃይሉ ኒውክለሱን ወደ ስብርባሪ በመበተን እያለቀ ነው።

ሁለቱ ግራፎች ጎን ለጎን ቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። ልዩነታቸው ሳይረሳ ይነበቡ፦ የውሃው መስመር የሚታጠፍበት ጥግ ስል ነው፤ የወርቁ ዱልዱም፤ 197 ቅንጣት በጣም ጥቂት ነው፣ ፕሮቶኖቹም ይገፋፋሉ። ቀለል ያሉ ኒውክለሶች የሚተኙት ከፍ ባለ መጠነ ሙቀት ላይ ስለሆነ፣ የሚመጣው ዓመት ሥራ የእነሱን መስመር ከወርቁ በላይ መሳል ነው።