የቅሬታ ደብዳቤ፦ የፍል ውሃ ጉብኝት ዕቅዱ ይታረምልን

ለጉዞ አዘጋጁ ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የፍል ውሃ ጉብኝት ዕቅድ እንዲታረም ስለመጠየቅ

ቅድመ ክፍያ የፈጸምንበት የጉብኝት ዕቅድ ደርሶናል። የመኪናው መነሻ ሰዓትና የምግቡ ዝርዝር በጥንቃቄ ተጽፏል። ሰው ገብቶ ስለሚነከርበት ውሃ ግን የሰፈረው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «የውሃው ሙቀት 62 ዲግሪ»። ዋናው ቅሬታችን እዚህ ላይ ነው።

62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የምንጩ ዓይን ሙቀት እንጂ የመነከሪያው ገንዳ ሊሆን አይችልም። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ ክፉኛ ያቃጥላል፤ የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ ከዚያም ይፈጥናል። የሚነከሩበት ውሃ ከ40 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። ዕቅዱ መያዝ ያለበት የገንዳውን ልክ ነው፤ እሱም በአንድ ቁጥር አይገለጽም። ፍል ውሃው በሚገባበትና በሚወጣበት በኩል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። ትኩስ ውሃ ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፤ ከወለሉ ስንጥቅ የሚፈልቅ ከሆነ ደግሞ ላዩ ለብ ብሎ እግር ሥር ሊፋጅ ይችላል። ስለዚህ እጅ ነክሮ መሞከር አይበቃም። አስጎብኚው እስከ 100 ዲግሪ የሚያነብ ቴርሞሜትር በገመድ አስሮ መግቢያው፣ መሃሉና መውጫው ላይ፣ ከላይም ከታችም ይለካ። ልኬቱ የዚያው ዕለት ጠዋት ይሁን። ገንዳውን የሚያበርደው የወንዝ ውሃ በበጋ ሲቀንስ፣ ባለፈው ወር ተስማሚ የነበረው ገንዳ አሁን ሊያቃጥል ይችላል።

«ከምሳና ከቢራ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ መነከር» የሚለውም ይሰረዝ። በ40 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ላብ ሰውነትን አያበርድም። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ሰው ብድግ ሲል ራሱን የሚስተው ለዚህ ነው፤ አልኮል ደግሞ ያባብሰዋል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተነክሮ መውጣት፣ ጥላ ሥር አረፍ ብሎ ውሃ መጠጣት፣ ካስፈለገ መመለስ ይሻላል። የመመዝገቢያ ቅጹ እርግዝናን፣ የልብ ሕመምንና የደም ግፊትን አይጠይቅም። ይጨመርበት።

የመጥለቅ ውድድሩንም አንቀበልም። ሞቃት የተፈጥሮ ውሃ ውስጥ በአፍንጫ ገብቶ አንጎልን የሚያጠቃ አሜባ ሊኖር ይችላል። የሚያዘው ሰው እጅግ ጥቂት ቢሆንም የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ጭንቅላት ከውሃ በላይ ይሁን።

ከሁሉ ያስደነገጠን የድንኳኑ ቦታ ነው፦ «ከምንጩ አጠገብ፣ ከነፋስ የተከለለ ጎድጓዳ»። ከፍል ውሃ ጋር የሚወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባሉት፣ ሲጠራቀሙ ሰው የሚገድሉ ጋዞች ከአየር ስለሚከብዱ፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት የሚጠራቀሙት እዚያው ጎድጓዳ ውስጥ ነው። የበሰበሰ እንቁላል ሽታው ያስጠነቅቀናል ብላችሁም አትተማመኑ፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው የጠፋ የሚመስለው የከፋ ጊዜ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ጭራሽ ሽታ የለውም። ድንኳኑ ከፍ ባለና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይተከል። በምንጩ ዙሪያ ያለው ነጭ ቅርፊት መሬትም ስስ ሊሆንና ከሥሩ የፈላ ጭቃ ሊኖር ስለሚችል፣ ከተለመደው መንገድ ውጭ እንዳይረገጥ በጽሑፍ ይገለጽ።

የታረመው ዕቅድ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲላክልን፣ ካልሆነ ቅድመ ክፍያችን ሙሉ በሙሉ እንዲመለስልን እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የተጓዥ ቡድኑ አስተባባሪዎች