ለወንዝ ዳሩ ግንብ የድጋፍ ጥሪ፦ ዘንድሮ ቅጣት የለም

በአቃቂ ወንዝ ዳር ለምትኖሩ፣ ከሰፈሩ ወጥታችሁም እድሩን ላልረሳችሁ ሁሉ።

ያለፈው ነሐሴ የሆነውን አይታችኋል። በአንድ ሌሊት ዝናብ የጋቢዮኑ (በሽቦ ሳጥን ድንጋይ ሞልተን የሠራነው ግንብ) ታችኛው ጫፍ ተናደ። ውሃው ከላይ ዘሎ አይደለም፤ ከሥር ቦርቡሮ ነው የጣለው። ጠዋት ስንወርድ የሽቦው ሳጥን ሆዱ ተቀዶ ድንጋዩ ወንዙ መሃል ተበትኗል።

«ገንዘቡ የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ ለቅሶ ቤት እንኳን ይከተለናል። ሽቦና ድንጋይ ውስጥ ነው የገባው። 2 ሜትር ርዝመት፣ በ1 ሜትር ወርድና ከፍታ ያለው አንዱ ሳጥን ብቻ 2 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይበላል። ደረሰኙ አለ፤ መጥቶ ማየት ነው። ኮሚቴው የሻይ እንኳን አልወሰደም። ደግሞም ላይኛው ክፍል እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ከኋላው ያሉት ቤቶች በክረምቱ ውሃ አልገባባቸውም። ይሄም ይነገር እንጂ!

ያጠፋነው ሌላ ነው። በየእሁዱ ከየቤቱ አንድ ሰው ይውጣ ብለን አስገደድን። የቀረውን ቀጣን። ደቦ ነው አልን። ደቦ የጠራ ሰው ግን ያበላል፣ ያጠጣል፤ እኛ መዝገብ ይዘን ስም ጠራን። እንጀራ ሸጣ የምታድር እናት ቅጣቱን የከፈለችው ከዚሁ ከእድሩ ተበድራ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 በግዴታ ማሠራትን ይከለክላል፤ የአካባቢ ልማትን ነፃ የሚያደርገው ኅብረተሰቡ በፈቃዱ ሲሠራው ነው። ሥራውም አላማረም። ተገዶ የመጣ ሰው ድንጋይ አይደረድርም፣ ይወረውራል። መሠረቱም እስከ ጠንካራው አፈር አልወረደም።

ስለዚህ ዘንድሮ በክፍያ ነው። ሽቦ ማሰር የሚያውቅ ባለሙያና የቀን ሠራተኞች እንቀጥራለን፤ ቅድሚያ ሥራ ላጡ የሰፈሩ ልጆች። ክፍያው በየቅዳሜው፣ በፊርማ። ወንጌሉ «ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል» ይላል፤ ሐዲሱም ላቡ ሳይደርቅ ክፈሉት ይላል።

ያለን ገንዘብ ለሽቦው ይበቃል፤ ለጉልበቱ አይበቃም። መሠረት የሚቆፈረው ወንዙ ሲጎድል ነው፤ በጋው ደግሞ እየሄደ ነው።

መዋጮው በእድሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ይግባ። ቁጥሩ እድሩ ቤት በር ላይ ተለጥፏል። ወጪ የሚሆነው በሦስት ፊርማ ነው። በማንም የግል ስልክ እንዳትልኩ፤ የኮሚቴ አባል ቢሆንም። ደግመን እንላለን፦ በእድሩ ስም ብቻ። ደረሰኙን ለገንዘብ ያዡ አሳዩ።

አምና ቅጣት የከፈላችሁ ስማችሁ መዝገቡ ላይ አለ። ከወር መዋጯችሁ ይቀነስላችኋል፤ መጥታችሁ አስመዝግቡ።