የፍጻሜውን ሜዳ ስትመርጡ፤ ደብዳቤ ለልጄ

አሰላሙ አለይኩም ልጄ። እንዴት ነሽ፣ ስራው እንዴት ይዞሻል? እኛ አልሃምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን፣ እናትሽም ጉልበቷ ተሽሏት ሂርማታ ገበያ ድረስ በእግሯ መሄድ ጀምራለች። ባለፈው ኮሚቴያችሁ የዋንጫውን ፍጻሜ የት ሜዳ ላይ ቢያደርገው ይሻላል ብለሽ የጠየቅሽኝን ኔትወርኩ እየተቆራረጠ በቅጡ አልመለስኩልሽም፣ ነገሩ ደሞ ሲከነክነኝ ሰነበተ፣ ስለዚ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው፣ ረዘመ ብለሽ እንዳትዘዪው አደራ።

ኮሚቴው ፍጻሜውን ከሁለቱም ቡድን ከተማ ውጪ ትልቁ ስታዲየም ላይ እናድርገው፣ በቲቪም ያምራል ብሏል፣ አይደል? እኔ ገለልተኛ ሜዳን አልጠላም። አንዱ በሜዳው ሌላው እንግዳ ሆኖ ዋንጫ ሲጫወቱ ዳኛው ይጨነቃል፣ የተሸነፈውም ሰበብ አያጣም፣ ጸቡም ከዛ ነው የሚነሳው፣ ይሄ ይገባኛል። ግን ሜዳው የማንም ስላልሆነ ብቻ ነገሩ እኩል ሆነ ማለት አይደለም። መታየት ያለበት መንገዱ ነው፣ የሁለቱም ደጋፊ በተቀራራቢ ድካምና በተቀራራቢ ብር የሚደርስበት ቦታ ካልሆነ አመቱን ሙሉ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀበት የጮኸው ሰው በዋንጫው ቀን ቤቱ ይቀራል።

አዘርባጃን ባኩ ላይ የተደረገውን ጨዋታ ታስታውሺዋለሽ? እ.ኤ.አ. በ2019 የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ፣ ቼልሲና አርሰናል። ረመዳን ነበር፣ ተራዊህ ሰግደን ወጥተን ማታ 4 ሰዓት ላይ ፈረንጅ አራዳ ዲኤስቲቪ ቤት ስንገባ መቆሚያ የለም፣ አግዳሚው ሞልቶ ልጆቹ መሬት ላይ ተደርድረዋል፣ በሩ ላይ ያሉት በሰው ትከሻ አሻግረው ነው የሚያዩት። ካሜራው ዞር ሲል ግን እዛ ስታዲየሙ ውስጥ ማዕዘኑ ላይ ባዶ ወንበር በባዶ ወንበር። ሁለቱም የለንደን ክለቦች ናቸው እኮ፣ ከቤታቸው ወደ 4 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀው ሄደው ነው የተጫወቱት። ወደ 69 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ሆኖ ለእያንዳንዱ ክለብ የተሰጠው 6 ሺህ ገደማ ቲኬት ነበር፣ እሱንም በረራው ውድና አስቸጋሪ ስለነበር ክለቦቹ ሸጠው አልጨረሱትም። የአርሰናሉ ሚኪታሪያን ደሞ አርመናዊ ስለሆነ፣ አርመንና አዘርባጃን ደሞ ጠበኛ ስለነበሩ፣ ለደህንነቱ ተሰግቶ ጭራሽ ሳይሄድ ቀረ። ለአውሮፓ ቲቪ እንዲመች ተብሎም በባኩ ሰዓት ጨዋታው የተጀመረው ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። የገባው ሰው በጠቅላላ 51 ሺህ ገደማ ነው፣ ቁጥሩን ብቻ ካየሽው ትልቅ ነው፣ ግን ሳሩና ህዝቡ መሀል የሩጫ መም አለ፣ ባዶው ቦታ አለ፣ ብዙው ተመልካችም ማንም ቢያሸንፍ ግድ የማይሰጠው ነው፣ ድምፁ ተበትኖ ይቀራል። ቼልሲ 4 ለ 1 ሲያሸንፍ ከዛ ስታዲየም ይልቅ የኛ ዲኤስቲቪ ቤት ነበር ሞቅ ያለው፣ ይሄን ስልሽ እያጋነንኩ አይደለም። አርሰናል ተሸንፎም ሌሊቱን እስከ ሱሁር ስንከራከር ነበር።

የአፍሪካው ደሞ ሌላ ችግር ነበረበት። የአፍሪካን እግር ኳስ የሚመራው ካፍ የክለቦቹን ቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ በደርሶ መልስ፣ አንዴ በአንዱ አንዴ በሌላው ሜዳ፣ ማጫወቱን ትቶ በአንድ ጨዋታ ገለልተኛ ሜዳ ላይ ይሁን አለ፣ ሀሳቡ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን አዘጋጅነቱ ለሞሮኮ ተሰጠ፣ ካዛብላንካ፣ ለፍጻሜ የደረሱት ደሞ የግብጹ አል አህሊና ዋይዳድ ሆኑ። ዋይዳድ የካዛብላንካ ክለብ ነው፣ ስታዲየሙም ሁሌ የሚጫወትበት ነው። አህሊዎች ቢጮሁ ቢከሱ የሰማቸው የለም፣ ዋይዳድ በገዛ ደጋፊው ፊት 2 ለ 0 አሸነፈ። ያን ቀን የነበረው ድምቀት ልብ ያሞቃል፣ ስታዲየሙ ቀይ በቀይ ነበር፣ ግን የአንድ ወገን ድምቀት ነው። በሚቀጥለው አመት ካፍ ራሱ ወደ ደርሶ መልሱ ተመለሰ። እናንተም ሜዳውን ቀድማችሁ ከወሰናችሁ ይሄ ሊደርስባችሁ ይችላል፣ ስለዚ ሁለት ከተማ በእጃችሁ ይዛችሁ ግማሽ ፍጻሜው ካለቀ በኋላ አንዱን ብታጸድቁ ነው የሚሻለው። ጊዜው ያጥርብናል ትሉ ይሆናል፣ አውቃለሁ፣ ሆቴሉም ፖሊሱም ዝግጅት ይፈልጋል፣ ግን ሁለቱንም ከተሞች ቀድሞ ማናገር ይቻላል።

ገለልተኛ ሜዳ ላይ ድምቀት አይኖርም እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1960 በአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ስኮትላንድ ግላስጎው ሀምደን ፓርክ ላይ ሪያል ማድሪድ አይንትራክት ፍራንክፈርትን 7 ለ 3 ሲያሸንፍ ከ127 ሺህ በላይ ሰው ነበር የገባው፣ አብዛኛው ስኮትላንዳዊ፣ ከሁለቱም ቡድን ጋር ዝምድና የሌለው። እንደውም ፍራንክፈርት በግማሽ ፍጻሜው የግላስጎውን ሬንጀርስ በደርሶ መልስ 12 ጎል አግብቶበት ነው የመጣው! ሰዉ ግን ኳስ ወዳድ ነው፣ ጥሩ ኳስ ሊያይ መጣ፣ አየ፣ አጨበጨበ። ፑሽካሽ 4 ዲ ስቴፋኖ 3 ነው ያገቡት። እንደዚ አይነት ከተማ ፈልጉ ነው የምልሽ፣ የራሱ ቡድን ባይኖርበትም ለኳስ ብሎ የሚወጣ ህዝብ ያለበት። ደሞ የከተማውን ሰው በርካሽ ቲኬት አስገቡት፣ ለክብር እንግዳ እየተባለ የሚያዘው ቦታ ግማሹ ባዶ ሆኖ እንደሚያልቅ አንቺም አይተሻል።

ደጋፊ የሌለበት ጨዋታ ምን እንደሚመስል እኛ ጅማዎች እናውቃለን። በ2013 በኮሮናው ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች ከተማ እየቀያየሩ በአንድ ሜዳ ሲጫወቱ ተራው ጅማ ደርሶ ዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ላይ ተደረገ። ከተማችን በዲኤስቲቪ በመታየቷ ደስ ብሎን ነበር፣ ሆቴሉም ባጃጁም ስራ አገኘ፣ ግን ኳሱ ሲመታ እንኳ የሚሰማ ይመስል ነበር፣ ጎል ሲገባ የሚጨፍረው የራሱ የቡድኑ ተጠባባቂ ነው። እኔ ያን እያየሁ ትዝ ይለኝ የነበረው 2010 ነው፣ የከተማችን ክለብ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት አመት ሊጉን ሲበላ፣ አጥቂው ኦኪኪ አፎላቢ ጎሉን ሲያዘንበው። የዛን ጊዜ ከተማው ውስጥ ጥሩንባ ያላሰማ ባጃጅ አልነበረም፣ ኳስ አይታ የማታውቅ ጎረቤታችን እንኳ ነጠላዋን እያውለበለበች በር ላይ ቆማ እልል ስትል ነበር።

ብሄራዊ ቡድናችንም ያው ነው። አያትሽ ሁሌ የሚያወራልን የ1954ቱን ነበር፣ አዲስ አበባ ላይ በራሳችን ህዝብ ፊት ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳንበትን። በሰኔ 2014 ደሞ ያንኑ ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፍን፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አግብተው፣ ግን ስታዲየሞቻችን መስፈርት አያሟሉም ስለተባለ ጨዋታው ማላዊ ሊሎንግዌ ነበር የተደረገው። የኛ ሜዳ ተብሎ እኮ ነው ሊሎንግዌ! እንዲህ ያለ ድል በአገራችን ሜዳ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሳስበው እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን ከሁሉም በላይ እንድትይዢልኝ የምፈልገው የበሩን ነገር ነው። የሰው ብዛት ደስ የሚለው ሰው በሰላም ገብቶ በሰላም ሲወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ፓሪስ ላይ የሊቨርፑልና የማድሪድ የአውሮፓ ቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ 36 ደቂቃ የዘገየው ለምንድነው? ጨዋታው ከሴንት ፒተርስበርግ ተነስቶ ወደዛ የተዘዋወረው በጥቂት ወራት ውስጥ ነው፣ የሊቨርፑል ደጋፊ በጠባብ መተላለፊያ ተጨናንቆ፣ በሩ ተዘግቶበት፣ ህጻናት ባሉበት አስለቃሽ ጭስ ተረጨ። መጀመሪያ ጥፋቱን በደጋፊውና በፎርጅድ ቲኬት አሳበቡ፣ በኋላ ራሱ የአውሮፓን እግር ኳስ የሚመራው ዩኤፋ ያቋቋመው ገለልተኛ አጣሪ ዋናው ተጠያቂ ዩኤፋ ነው አለ። በዛው አመት መጀመሪያ ያውንዴ ኦሌምቤ ስታዲየም በር ላይ ካሜሩን ከኮሞሮስ ስትጫወት በተፈጠረ መተፋፈግ 8 ሰው ሞቷል። ኳስ ሊያዩ ወጥተው፣ ልጄ። እንግዳ ከተማ ላይ ደሞ ደጋፊው በሩን አያውቀውም፣ ፖሊሱም ደጋፊውን አያውቀውም፣ ስለዚ የሁለቱን ደጋፊ ማህበር አስተባባሪዎች ሳምንት ቀድማችሁ አምጥታችሁ በየት ገብተው በየት እንደሚወጡ በእግራቸው አስኬዷቸው። በሩ ቀደም ብሎ ይከፈት። ሁለቱ ደጋፊ በተለያየ መንገድ ይምጣ።

የስታዲየሙን መጠን በተመለከተ እኔ ብሆን ትልቁን አልመርጥም። 10 ሺህ ሰው ከጠበቃችሁ 12 ሺህ የሚይዝ ሜዳ ፈልጉ፣ ጥቅጥቅ ብሎ ሲሞላ በቲቪም የሚያምረው እሱ ነው። ትልቁ ላይ ካልሆነ አይሆንም ካሉሽ ደሞ ሰዉን አትበትኑት፣ ካሜራው ፊት ለፊት የሚያየውን ጎን ሙሉት፣ አስጨፋሪዎቹን ከነከበሯቸው መሀል አድርጓቸው፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋና ሚስማር ተራ የሚባሉት የተመልካች ቦታዎች ሲሞሉ ሌላው ቦታ ሳሳ ቢልም ስታዲየሙ ሙሉ የሚመስለው ለዛ ነው። ሰዓቱንም አስቡበት፣ ከጅማ አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጨዋታው 10 ሰዓት ከተጀመረ ተጨማሪ ሰዓትና ፍጹም ቅጣት ምት ሲጨመር ይመሻል፣ ሰው የጊቤን ቁልቁለት በጨለማ ይውረድ ነው? 7 ሰዓት ወይ 8 ሰዓት ላይ አድርጉት፣ ፀሐይ ይሆናል ካላችሁም እሁድን ትታችሁ ቅዳሜ አድርጉትና ሰው አድሮ ይመለስ።

ስብሰባው ላይ ይሄን ሁሉ ባታነሺው እንኳ የመንገዱንና የበሩን ሳትናገሪ እንዳትወጪ፣ ሴት ናት ኳስ ምን ታውቃለች የሚል ካለም ከልጅነትሽ ጀምሮ ስታዲየም ይዤሽ ስሄድ ነው ያደግሽው፣ ከማንም አታንሺም።

ከተማውና ቀኑ እንደተወሰነ ወዲያው ደውዪልኝ፣ የሰፈሩ ልጆች ቅጥቅጥ ተከራይተን እንሂድ ብለውኛል፣ ሹፌሩ ቀብድ ካልተሰጠው ለሰርግ ነው የሚያከራየው። ወጣት ስለሆኑ ቲኬቱ ከ100 ብር በላይ እንዳይሆንባቸው አንቺም የቻልሽውን ያህል ተናገሪላቸው።

አባትሽ
ጅማ