የሃያ ብር ዘይት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምሠራው ልብስ ስፌት ቤት ነው። ጋዜጣችሁ በየሳምንቱ እኛ ጋ ይመጣል። አሠሪያችን አንብበው ሲጨርሱ እኛ ለቅድ እንጠቀምበታለን። ባለፈው ሰሞን የልጅ ኮት እጅጌ ላወጣበት መቀስ ካነሳሁ በኋላ ዓይኔ አንድ ርዕስ ላይ አረፈ። የኑሮ ውድነቱን በምን ዘዴ እንቋቋመው የሚል ነው። መቀሱን አስቀምጬ አነበብኩት። እጅጌውን ከስፖርት ገጽ ላይ አወጣሁ።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። አስቤዛ በወር አንዴ ግዙ። ጤፍ በኩንታል አስገቡ። ዘይት በጀሪካን ያዙ። በችርቻሮ የሚገዛ ሰው ይከስራል። እውነታቸውን ነው፤ የምከራከራቸው ነገር የለኝም። ግን እኔ ዘይት በፌስታል የምገዛው ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

ነገሩን ላስረዳ። ስድስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆችና አማቴ። ባለቤቴ ግንባታ ላይ የቀን ሠራተኛ ነው። ሥራ ካለ የዕለቱን ማታ ይቀበላል። የእኔ ደመወዝ በወር ይመጣል፤ በመጣበት ቀን የቤት ኪራይ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ እኛ ቤት የሚበላው ባለቤቴ ማታ ይዞት በሚገባው ብር ነው። ያ ብር ለዛሬ ራትና ለነገ ጠዋት ይበቃል። ለጀሪካን አይበቃም።

ሰፈራችን ሱቅ ብትገቡ ዘይት በትንንሽ ፌስታል ተቋጥሮ ታዩታላችሁ። የአሥር ብር አለ፣ የሃያ ብር አለ። ሽሮ በብርጭቆ ይሰፈራል፣ በርበሬ በሲኒ። ከሰሉ በፌስታል ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ጉሊት ላይ በመደብ ነው። እንዲህ ባይሆን ኖሮ ስንት ማታ ጦማችንን ባደርን።

አንድ ማታ ነገሩ ከነከነኝ። ለትንሿ ልጄ የሳል ሽሮፕ ስገዛ አብሮ የመጣ መለኪያ ነበረኝ፤ ሚሊ ሊትሩ በመስመር በመስመር የተጻፈበት። የሃያ ብሩን ዘይት በእሱ ለካሁት። 50 ሚሊ ሊትር አልሞላም። እሺ፣ 50 እንበልለት። ከአንድ ሊትር ሃያ ፌስታል ይወጣል ማለት ነው። ሃያ ጊዜ ሃያ፣ 400 ብር። ያን ሰሞን ባለ አምስት ሊትሩ ጀሪካን እዚያው ሱቅ 1,500 ብር ነበር። ሊትሩ 300 መሆኑ ነው። እኔ በአንድ ሊትር 100 ብር አስበልጬ እከፍላለሁ። አንድ ጀሪካን የሚሆን ዘይት በፌስታል ገዝቼ ስጨርስ 500 ብር በከንቱ ሄዷል። ስሌቱን ለአማቴ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «እና ሀብታሞቹ እኛ ነን በይኛ» አሉ።

ባለሱቁን አልወቅሰውም። ፌስታሉን የሚገዛው እሱ፣ የሚቋጥረው እሱ። ዝናብ ጥሎ ባለቤቴ ባዶ እጁን የገባ ዕለት ደብተሩን አውጥቶ ይጽፍልኛል፤ ወለድ የሚባል ነገር አያውቅም። ዱቤ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። መሀል ከተማ የነበረች ጓደኛዬ በልማት ተነስታ ኮንዶሚኒየም ደርሷታል። እንዴት ነው ኑሮው ስላት «ቤቱስ ጥሩ ነው፣ ሽንት ቤቱም የራሴ ነው። ግን ባለሱቁ አያውቀኝም» አለችኝ።

በትንሽ በትንሽ መግዛት ሌላም ጣጣ አለው። የምንበላውን አናውቀውም። ቤት ውስጥ የሚሰናዳ ሽሮ ሽምብራው፣ አተሩ፣ ባቄላው ተለቅሞና ተቆልቶ፣ ከቅመሙ ጋር ተመጥኖ ነው ወፍጮ ቤት የሚሄደው። በብርጭቆ የተሰፈረልኝ ሽሮ ግን ማን ምን እንደጨመረበት በምን አውቃለሁ? ረከስ ሲል ጓያ በዝቶበት ይሆናል። አማቴ የደንቢያ ሰው ናቸው፤ ጓያን በደንብ ያውቁታል። ዝናብ ሲጠፋ ሌላው እህል ሲደርቅ ጓያ ይቋቋማል። ድሃው ያን ጊዜ እሱን ይዞ ይከርማል። ወራት ሙሉ ጓያ ላይ ብቻ የከረመ ሰው ግን እግሩ ይሽመደመዳል፤ ከያዘው በኋላ መዳን የለም። ስለዚህ ሽሮ ገዝቼ ስገባ መጀመሪያ አማቴ ያሸቱታል፣ በጣታቸው ይቀምሱታል። ድስቱ የሚጣደው ከዚያ በኋላ ነው። በርበሬውንም እንዲሁ።

አማቴ «ችግር በቅቤ ያስበላል» የሚባለውን ተረት ሲሰሙ ይስቃሉ። ዘይት ሲታጣ ቅቤ የነበረበት ጊዜ ነው ይላሉ።

ዘዴ የለንም ማለቴ አይደለም። የጊቢያችንና የአጎራባች ጊቢ ሴቶች አሥር ሆነን የጤፍ እቁብ አለን። በየሁለት ሳምንቱ ነው የምንጥለው። መጀመሪያ የጀመርነው በብር ነበር። የሰርገኛው ኪሎ ያኔ እህል በረንዳ 120 ብር ስለነበር እያንዳንዳችን 600 ብር ጣልን፤ 6,000 ብር፣ ልክ ግማሽ ኩንታል። የመጀመሪያዋ ዕጣ የወጣላት ሴት 50 ኪሎዋን አስጭና ገባች፤ እልልታ ብቻ ነው የቀረው። አሥረኛዋ ጋ ሲደርስ ኪሎው 135 ገብቷል። በ6,000 ብሩ የተሰጣት 44 ኪሎ ነው። ሁላችንም እኩል ጥለን እሷ ላይ ከአምስት ኪሎ በላይ ጎደለ። አልቅሳ ሳይሆን ስቃ ነው የተቀበለችው፤ እኛ ነን ያፈርነው። 

በሁለተኛው ዙር ደንቡን ቀየርነው። አሁን የምንጥለው የዕለቱን የአምስት ኪሎ ጤፍ ዋጋ ነው። ጤፉ ቢወደድ ሁላችንም ላይ ይወደዳል፣ ቢረክስም ለሁላችንም። ዕጣ የወጣላት 50 ኪሎዋን አታጣም። ይህን ያሰበችው የእቁቡ ዳኛችን ናት፤ ከአምስተኛ ክፍል በላይ አልተማረችም። ደመወዝ የሚተምኑ ሰዎች ቢያማክሯት ደስ ይለኛል። አሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። እኛ የግል ድርጅት ሠራተኞች ግን እስካሁን ከዚህ በታች አይከፈልም የሚባል ወለል የለንም።

ሃምሳው ኪሎ ማሽላ ተቀላቅሎበት አርባ ቀን ገደማ ያደርሰናል። ማሽላ የበዛበት እንጀራ ሲወጣ ያምራል፤ በማግስቱ ይደርቅና ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። አብሲቱን ጨመር ማድረግ ትንሽ ይረዳል። ከሁሉም የሚረዳው ግን ትኩሱን መብላት ነው። የደረቀው አይጣልም፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣና ድርቆሽ ይሆናል። ትልቋ ልጄ «እማዬ፣ ዛሬም ሽሮ?» ስትለኝ «አይ፣ ዛሬ ቀጠን ያለ ሽሮ ነው» እላታለሁ። አሁን አሁን ሳልመልስላት ራሷ ትለዋለች። ቅዳሜ ጎመን በድንች አለ። ማታ ማታ ዘይት የማይፈልግ ነገር ይመጣል፤ የባቄላና የስንዴ ንፍሮ። ልጆቹ ይወዱታል፤ እኔም ከሽሮው ይልቅ በእሱ ሆዴ ይሞላል።

አንድ ነገር ሳላመሰግን ባልፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ። ሁለቱ ልጆቼ የመንግሥት ትምህርት ቤት ናቸው። በ2012 የተጀመረው የተማሪዎች ምገባ ቁርስና ምሳቸውን ይሸፍናል። ይህ ለእኛ ቤት ሁለተኛ ደመወዝ ነው። ግን ክረምት ሲመጣ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ልጆቹ ቤት ይውላሉ፤ ቁርሱም ምሳውም ወደ እኔ ይመለሳል። ያው ክረምት ደግሞ ጤፍ የሚወደድበት ነው፤ ያለፈው ምርት አልቆ አዲሱ ገና መሬት ላይ ነው፣ እስከ ኅዳር አይደርስም። ባለቤቴም ሥራ የሚፈታው ያኔ ነው። ዝናብ እየጣለ አርማታ አይሞላም። ሐምሌና ነሐሴ እንግዲህ ሦስቱም ባንድ ጊዜ ይመጡብናል። የፍልሰታ ጾም ሲገባ እኛ ቤት ልዩነቱ አይታወቅም፤ ትንሿ ልጄ ጾሙ የሚፈታበትን ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ክረምቱ አልቆ ተመስገን ሲባል መስከረም ደብተርና ዩኒፎርም ይዞ ይጠብቀናል።

ገበያው በምን ተወደደ ብላችሁ ጉሊት ብትጠይቁ መልስ አይጠፋም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። ነሐሴ ሳያልቅ 100ን አለፈ። ያን ሰሞን ጉሊት ላይ ያሉትን ሴት «እማማ፣ ቲማቲም ደግሞ መቼ ዶላር አየ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ቲማቲሙ አላየም። ያመጣው መኪና ግን ይጠጣዋል» አሉኝ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ይጨመራል ተባለ። ይጨመርላቸው፣ ይገባቸዋል። ወሬውን ከሠራተኛው ቀድሞ የሰማው ግን ሽንኩርቱ ነው። ጭማሪው የማይመለከተን እኛም በአዲሱ ዋጋ ገዛን።

የቅዳሜና እሁድ ገበያው ጥሩ ነው። ሽንኩርቱ ከጉሊቱ ይረክሳል። ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ብላችሁ ታክሲ ከተሳፈራችሁ ግን ኪሳራ ነው። ስለዚህ ተራ ገብተን አንዷ ለአምስት ቤት ትገዛለች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ሸማቾች ማህበር ዘይት ከሱቅ ባነሰ ዋጋ ያመጣል። በቤተሰብ ካርድ ነው የሚሰጠው። ሲመጣ ግን ባለ አምስት ሊትር ብቻ ነው። የሚሸጠውም በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ነው። መጣ ሲባል ያን ዕለት ጀሪካን የሚገዛ ብር በእጁ ያለው ሰው ይወስዳል። የሌለው ተራው ያልፈዋል፤ ያለፈው ወር ካርድ ለዚህ ወር አይሠራም እንደማለት ነው። ስለዚህ ሴቶች ምን ያደርጋሉ? ካርዳቸውን ለባለሱቅ ይሰጣሉ። እሱ መቶ ብር ያስጨብጣቸዋል፤ ጀሪካኑን ያወጣል። ማታ በፌስታል ቋጥሮ ይሰቅለዋል። እነዚያው ሴቶች በሃያ በሃያ ብር መልሰው ይገዙታል።

እኔም ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ። መቶ ብሯ የዚያን ዕለት ታስፈልገኝ ነበር። የራሴን ዘይት በውድ መልሼ መግዛቴን ያወቅኩት ግን በሽሮፕ መለኪያው የለካሁ ማታ ነው።

ከዚያ ወዲህ አራት ጎረቤቶች ተስማማን። ዘይት ሲመጣ በተራ በአንዳችን ካርድ እናወጣለን፣ ብሩን ለአራት እናዋጣለን። ማታ እኛ ቤት ደጃፍ ላይ በሃይላንድ እንካፈላለን። አንድ ሊትር ከሩብ፣ አንድ ሊትር ከሩብ። አማቴ ባትሪ ያበራሉ፤ የሁሉም ዓይን ሃይላንዱ አንገት ላይ ነው። አንዴ አንዷ ጋ ጣት የምታህል ጎድላ ግማሽ ሰዓት ቆመን ተከራክረናል። ማህበሩ ይህን ቢያውቅ ደስ አይለው ይሆናል። እኛ ግን ዘይቱን አልሸጥነውም፣ በላነው እንጂ።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ናት። ማህበሩ በሊትር ይሽጥልን። አንድ ሊትር የሚገዛ ዛሬ አንድ ሊትር፣ ብር ሲያገኝ ቀሪውን፤ ካርዱ ላይ እየተጻፈ። በየዕለቱ የሚቀበል ሰው በየዕለቱ ነው የሚገዛው፤ በወር አንዴ ግዛ ተብሎ ቢመከር ወሩን ከየት ያመጣዋል? ሠራተኛው ደግሞ ረቡዕ በአራት ሰዓት ሰልፍ ለመውጣት ፈቃድ አያገኝም፤ ቢወጣ የዚያን ቀን ይቆረጥበታል። ቅዳሜ ከሰዓት ይክፈቱልን።

ባለ አንድ ሊትር ማሸጊያ የለም፣ ዕቃው ይወደዳል የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግድ የለም፣ ከጀሪካኑ ይቅዱልን። ሃይላንዱን አጥበን እኛ እናመጣለን።

ከአክብሮት ጋር
የሦስት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ
(ስሜ እንዳይወጣ፤ አሠሪዬም ባለሱቁም ጋዜጣችሁን ያነባሉ)