አባዬ፣ ሚጡን ሳልልኝ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤

እንዴት ከርመሃል? ዓይንህስ? ጠብታውን በሰዓቱ ታደርጋለህ ወይ ብዬ በስልክ ስጠይቅህ «አዎ፣ አዎ» ትለኛለህ። አላምንህም። እኛ ደህና ነን። ሚጡ በቁመት ልትደርስብኝ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ያቃተኝ ነገር ስላለ ነው። በስልክ ከሆነ ወይ እኔ አለቅሳለሁ፣ ወይ አንተ ወሬ ትቀይራለህ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ ኮምፒውተሬ ላይ ነበርኩ። ሥራው የፊት ክሬም ማስታወቂያ ነው። ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ ገና 19 ዓመቷ ነው። ከዓይኗ ሥር ያለውን ጥላ አነሳሁ። ግንባሯ ላይ የነበሩትን ብጉሮች አጠፋሁ። ቆዳዋን አለሰለስኩ፣ የዓይኗን ነጭ ይበልጥ አነጣሁ፣ አንገቷን ትንሽ አቀጠንኩ። ሚጡ ከኋላዬ ቆማ እንደምታይ አላወቅኩም ነበር። «እማዬ፣ መጀመሪያውኑ ቆንጆ ነበረች እኮ» አለችኝ። «አዎ፣ ቆንጆ ናት» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እሷ እንኳን መስተካከል ካለባት፣ እኔማ…» ብላ ሳትጨርሰው ወደ ክፍሏ ገባች።

13 ዓመቷ ነው፣ አባዬ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የሚጡ ነገር አስጨንቆኝ ነው። ግን ሲነጋጋ ያ ታፔላ ትዝ አለኝ።

የሴቶች ፀጉር ቤቱን ታፔላ ታስታውሰዋለህ? እኔ 12 ዓመቴ ነበር። በርጩማ ላይ አስቀምጠህ «አትነቃነቂ» እያልክ ሳልከኝ። ሦስት ከሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩልህ። ቀለሙ ይሸተኛል፣ አንተ ታፏጫለህ። በሦስተኛው ቀን ቆርቆሮው ላይ ራሴን አየሁ። ጠይሙ ፊቴ፣ ደፍጠጥ ያለው አፍንጫዬ፣ ግራ ቅንድቤ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳን አልቀረችም። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ ደንበኛዋ መጣች። ራቅ ብላ አየች፣ ቀረብ ብላ አየች። «እጅህ ይባረክ፤ ግን ትንሽ ቀላ ብትልልኝ» አለች። «አፍንጫዋም ሰልከክ ቢል።» አንተ ወደ እኔ አላየህም። ጎንበስ ብለህ የነጩን ቀለም ክዳን ከፈትክ።

ታፔላው ሲሰቀል ጓደኞቼን ይዤ ሄድኩ። «እኔ ነኝ» አልኳቸው። ሳቁብኝ። ያን ሰሞን ፊቴን በሳሙና እየፈተግኩ በቀን አራት አምስት ጊዜ እታጠብ ነበር። እማዬ ንጽሕና የወደድኩ መስሏት ደስ ብሏት ነበር። ማታ ማታ ደግሞ አፍንጫዬን በልብስ መቆንጠጫ ይዤ እተኛለሁ። እስኪያመኝ ድረስ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ልወቅስህ አይደለም። እውነቴን ነው። ደብተሬን የገዛህልኝ በዚያ ገንዘብ ነው። ደግሞስ እኔ ዛሬ ምን እየሠራሁ ነው? ያንኑ የአንተን ሥራ። የሚደርሰኝ ትእዛዝ እንኳን አልተቀየረም። «ትንሽ ቀላ ትበል» ብለው ይጽፉልኛል። መልእክቱን ባነበብኩ ቁጥር የዚያች ሴትዮ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይመጣል።

የተቀየረው ብዛቱ ነው። አንተ በወር ሦስት ታፔላ ብትሠራ ነው። መንገደኛው አየት አድርጎት ያልፋል። የእኔ ሥራ ግን ሚጡ ስልክ ውስጥ ይገባል፤ ትራሷ ድረስ ይከተላታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከፌስቡክ ያፈተለከ የድርጅቱ የውስጥ ጥናት ነበር። ስለ ሰውነታችን መጥፎ ስሜት ሲሰማን ኢንስታግራም ያባብስብናል ያሉት ታዳጊ ሴቶች 32 በመቶ ነበሩ። ከሦስት አንዷ ማለት ነው። ይህን ሳነብ የሚጡን ክፍል ልጆች በዓይነ ሕሊናዬ ቆጠርኳቸው።

ስለ ፊጂ የሰማሁትንም ልንገርህ፤ ከሁሉም በላይ እሱ ነው ውስጤ የቀረው። ፊጂ የብዙ ደሴቶች አገር ናት። እዚያ ሞላ ያለ ሰውነት ይወደድ ነበር። አንድ ሰው ሲከሳ ዘመዶቹ ምን ነካው ብለው ይጨነቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ናድሮጋ የሚባል አካባቢ ቴሌቪዥን ገባ። ተመራማሪዎች ያኔ የትምህርት ቤት ልጃገረዶችን ሲጠይቁ፣ ለመቅጠን ብላ የበላችውን የምታስመልስ አንድም አልነበረችም። በ1998 ተመልሰው እዚያው ያሉ ሌሎች ልጃገረዶችን ሲጠይቁ ከ100ው ከ11 በላይ ሆነው ተገኙ። ሦስት ዓመት ብቻ ነው አባዬ። 

ሙያው ውስጥ ስቆይ ይበልጥ እየገባኝ የመጣው ነገር፣ ነውሩ ራሱ አንዳንዴ ከዕቃው ጋር አብሮ እንደሚመረት ነው። ጂሌት «ለሴቶች» ብሎ የመጀመሪያውን ምላጭ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1915 ነው። እጅጌ የሌለው ቀሚስ ፋሽን እየሆነ ነበር። ማስታወቂያዎቹ የብብት ፀጉር አሳፋሪ ነው እያሉ ሴቶቹን ያስተምሩ ጀመር። ያ ፀጉር ከዚያ በፊትም ነበረ፤ ማንም ብዙ አያወራበትም ነበር እንጂ። በ1928 ደግሞ ለኪ ስትራይክ የሚባለው ሲጋራ ሴቶችን ጣፋጭ ከምትበሉ እኔን አጭሱ ይል ነበር። ቅጥነትን ምክንያት አድርጎ ሲጋራ ሸጠ። እነዚያ ሴቶች የማን እናት፣ የማን አያት እንደነበሩ አስበው።

ሌላም ትዝ ያለኝ አለ። የሳሙና ታፔላ ስትሠራ ሁልጊዜ የምትስለው ሴት ነበር። ጋራዥ ሲሆን ወንድ። እማዬ ሆስፒታል የሌሊት ተራ ሲደርሳት ግን ልብሳችንን የምታጥበው አንተ ነበርክ። የደንብ ልብሴን አንገትጌ እንዳንተ አድርጎ የሚያጥብ እስከ ዛሬ አላየሁም። እጅጌህን ሰብስበህ፣ ክንድህ እስከ ክርንህ አረፋ ሆኖ። ያንን ሰው አንድም ታፔላ ላይ ስለኸው አታውቅም። ማንም አላዘዘህማ።

አሁን በዚህም ጉዳይ ደንብ ማውጣት ተጀምሯል። ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2019 ጀምሮ፣ «ወንድ እንዲህ ነው፣ ሴት እንዲህ ናት» የሚል ጎጂ የተለመደ አስተሳሰብ የሚያሳይ ማስታወቂያ ተከልክሏል። በሁለት ወሩ ሁለት ማስታወቂያዎች ታገዱ። አንዱ የፊላደልፊያ አይብ ነው። ሁለት አባቶች ምግብ ሲያዩ ልባቸው ተወስዶ ልጆቻቸውን ምግብ የሚያዞረው ማሽን ላይ ይረሷቸዋል። ሌላው የፎልክስዋገን መኪና ነው። ወንዶቹ ጠፈር ላይ ይንሳፈፋሉ፣ ስፖርት ይሠራሉ፤ ሴቲቱ የሕፃን ጋሪ አጠገብ ተቀምጣለች። የመጀመሪያውን ሳይ አንተ ነህ የመጣህብኝ። አንተ እኔን የትም ረስተኸኝ አታውቅም። አባት ልጅ መያዝ አይችልም የሚል ቀልድ አንተንም ይሰድብሃል።

የተስተካከለ ፎቶንም በተመለከተ ሕግ ያላቸው አገሮች አሉ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2017 ጀምሮ፣ የሞዴሏ ሰውነት እንዲቀጥን ወይም እንዲወፍር ከተደረገ ማስታወቂያው ላይ «ፎቶው ተስተካክሏል» ተብሎ እንዲጻፍ ታስገድዳለች። ኖርዌይም ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ተመሳሳይ ምልክት ታስለጥፋለች። መልካም ነው፤ ምንም ከሌለ ይሻላል። እኔ ግን ልቤ አልሞላም። የልጅ ዓይን ፊቱን ዓይቶ ከጨረሰ በኋላ ነው ጽሑፉን የሚያየው፤ ካየው።

እኔ ምን አደረግሁ መሰለህ? ለደንበኞቼ ጻፍኩ። የሚያቀሉ ክሬሞችን ሥራ ከእንግዲህ አልቀበልም አልኩ። የሚጡ አንድ ጓደኛ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ክሬም ፊቷን እየተቀባች እንደሆነ ሰምቻለሁ። ከእነዚህ ክሬሞች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። እናቷን አነጋግሬያለሁ። ሌላውን ሥራ ግን አልተውኩም፤ የምኖረው በሱ ነው። ብጉር አጠፋለሁ፣ ብጉር በራሱ ጊዜም ይጠፋል። የቆዳ ቀለም፣ ጠባሳ፣ ጠቃጠቆ፣ የአፍንጫ ቅርጽና የሰውነት ውፍረት አልነካም አልኳቸው። አንዱ ደንበኛ መልስ ሳይሰጠኝ ሄደ። አንዷ «እስቲ እንሞክረው» አለችኝ።

ሚጡንም አጠገቤ አስቀመጥኳት። የ19 ዓመቷን ልጅ ፎቶ ከፍቼ፣ የጨመርኩትን ሁሉ አንድ በአንድ እንድታነሳው የኮምፒውተሩን ማውዝ ሰጠኋት። አንገቷ ተመለሰ። ከዓይኗ ሥር ያለው ጥላ ተመለሰ። ጉንጯ ላይ ጠቃጠቆው ሲወጣ ሚጡ «ውይ! ጠቃጠቆ አላት እንዴ?» ብላ ጮኸች። እሷም አላት እኮ፣ የእማዬን ነው የወረሰችው። ፎቶውን ትክ ብላ ስታየው ቆየች። እኔም ምንም አልተናገርኩም።

ከዚያ የታፔላውን ነገር ነገርኳት። ሁሉንም፣ መቆንጠጫውን ሳይቀር። «አባባ ያውቃል?» አለችኝ። አያውቅም አልኳት። «ንገሪው» አለችኝ። ይኸው ነገርኩህ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። ሚጡን ሳልልኝ። እጅህ እንደሚንቀጠቀጥ አውቃለሁ። መስመሩ ቢዛነፍ ግድ የለም። እርሳስም ይሁን ቀለም እንደተመቸህ። ጠቃጠቆውን አትዝለለው፣ ከቻልክ ቁጠረው። አፍንጫዋ የእኔ ነው፣ የእኔ ደግሞ ያንተ ነው፤ ስለዚህ በደንብ ታውቀዋለህ። ነጩን ቀለም አትክፈት አልልህም። ለጥርሷ ያስፈልግሃል፤ እንደምትስቅ አውቃለሁ፣ «አትነቃነቂ» ስትላት።

ቅዳሜ ከሰዓት ይዣት እመጣለሁ። በርጩማውን ብርሃን ያለበት መስኮት ሥር አድርገው። እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ አያችኋለሁ፣ አላወራም። ከመጀመርህ በፊት ግን ጠብታውን እኔው ራሴ ነኝ የማደርግልህ።

የምትወድህ ልጅህ